የከንቲባ ቃልና የቤተ ሰብ ጆሮ

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ተርተዋል። ይህም መናገር የሚገባው ሰው ዝም ቢል የሚገባውን እንደሚያጣ ያስረዳል። ዳግመኛም «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለዋል፤ ስለ አንድ ሰው የሚነገረው ነገር ለራሱ ለሰውየው ከሁሉ ኋላ እንደሚደርሰው ሲያመለክቱ ነው። ሁለቱን ተረቶች አንድ ላይ ላሰባቸው ሰው የከተማ ሹመት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይገባዋል። ከንቲባ ለሕዝቡ ካልተናገረ ሥራው አይታወቅለትም፤ ከሕዝቡ ካልሰማ ደግሞ የገዛ ከተማውን ነገር ከእርሱ በቀር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ስለ ሹመትና ስለ አስተዳደር መጻፍ የሌላ ገጽ ሥራ ነው፤ ወደ ቤተ ሰብ ገጽ ስለ ምን አመጣችሁት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንመልሳለን። የከንቲባ ትእዛዝ የሚወጣው ከአዳራሽ ቢሆንም የሚፈጸመው በጓዳና በደጅ ነው። ጥራጊ በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ፣ ውሃ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ ገበያው ወዴት እንደሚዛወር፣ ልጆች በየትኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ የሚወሰነው ነገር ሁሉ መጨረሻው ከእናት ምድጃና ከአባት ኪስ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከንቲባና ነዋሪ ስለሚነጋገሩበት መንገድ፣ ምሳሌውን ከሐዋሳ ከተማ ከአሞራ ገደል ወስደን፣ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ሐዋሳን ያላየ አንባቢ ቢኖር አስቀድመን እናስረዳ። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት። ስሟም በሲዳምኛ ሰፊ ውሃ ማለት ነው። ስፍራው ቀድሞ አዳሬ እየተባለ የሚጠራ የከብት መሰማሪያ ነበር። ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማው በዚያ እንዲቆረቆር አደረጉ። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። እንግዲህ ዕድሜዋ ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አይበልጥም። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሕዝብ ከአገሩ ተወላጅ ጋር በአንድነት የሰፈረባት ስለ ሆነች፣ ነዋሪዎቿን ጎረቤት ያደረጋቸው ከአንድ አያት መወለድ ብቻ ሳይሆን ተነጋግሮ መኖር ነው። መነጋገር በጎደለ ጊዜ ከሌላው ከተማ ይልቅ እርሷ ትጎዳለች።

አሞራ ገደል የሐዋሳ የዓሣ ገበያ ነው። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩ ሰዎች ፀሐይ ሳትበረታ በጀልባ ይደርሳሉ፤ ከጀልባውም ቆሮሶና አምባዛ ይወርዳል። ወዲያው ወጣቶች ቅርፊቱን ይልጣሉ፤ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ሴቶችም ሾርባውን በድስት፣ ጥብሱን በዘይት ያዘጋጃሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ አሞራ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ክንፉን አጥፎ፣ ራሰ በራ አናቱን ዝቅ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የከተማው ሰው ቁርሱን ይበላል፤ ሕፃናት ለአሞራው ትርፍራፊ ይወረውራሉ። ባለጀልባው፣ ዓሣ አራጁ፣ ሾርባ ሻጯ፣ ተመልካቹ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ዳርቻ ላይ ይኖራሉ፤ ሁሉም የሚኖሩት በሐይቁ ነው።

ይህ ሐይቅ አንድ ጠባይ አለው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ከ22 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ ሲፈስስ የሚታይ ወንዝ ግን አይወጣለትም። ስለዚህ ከየደጁ በጎርፍ የተወሰደው ጥራጊ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር፣ ከመኪና እጥበት የወረደው ዘይትና ሳሙና አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ መሄጃ የለውም። ወራጅ ውሃ ባለበት አገር ሰው ቆሻሻውን ለታችኛው ጎረቤት ይልካል፤ በሐዋሳ ግን ዛሬ የጣለውን ነገ ከቆሮሶ ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። የሕዝብ ቅሬታም ጠባዩ እንደዚህ ነው፤ መውጫ ካላገኘ ከታች ይተኛል እንጂ አይጠፋም።

አሁን አንድ ጉዳይ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን የላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። አሳቡ መልካም ነው። የዓሣውን ሆድ ዕቃ አሞራ ይበላዋል፤ ፌስታልን ግን የሚበላ አሞራ አልተፈጠረም፤ ቢውጠውም ይሞትበታል። ይህ አዋጅ ከአሞራ ገደል ዳርቻ በሁለት መንገድ ሊደርስ ይችላል።

አንደኛው መንገድ ይህ ነው። ወረቀት ይለጠፋል፤ በራዲዮ ይነገራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደንብ አስከባሪ ይመጣና ቅጣት ይጽፋል። ዓሣ ሻጯ ትደነግጣለች፤ ያን ቀን ፌስታሉን ከቀሚሷ በታች ትደብቃለች፤ ደንብ አስከባሪው ሲሄድ እንደ ገና ታወጣዋለች። አዋጁም በወረቀት ላይ ተፈጽሞ በዳርቻው ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። ከንቲባው ወይም ወኪሉ ገበያው ጋብ ባለ ሰዓት መጥቶ ከመደቡ አጠገብ ይቀመጥና፣ «ፌስታል ቀርቷል፤ ሐይቃችንንም እየጎዳ ነው፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሻጯ አንዲት ጥያቄ ታነሣለች፤ «ዓሣ እርጥብ ነው፤ ውሃው እያንጠባጠበ ገዥው በምን ይውሰደው?» ትላለች። ይህች ጥያቄ በአዋጁ አልተመለሰችም፤ መልሷም በአዳራሽ አይገኝም። ምናልባት አንዲት አሮጊት ተነሥታ፣ «እናቶቻችን ምግቡን በእንሰት ቅጠል ይጠቀልሉ አልነበረምን?» ትል ይሆናል። ምናልባትም አንድ ወጣት ገዥው ሁሉ ዕቃውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ ብሎ ይመክር ይሆናል። እንደዚህ ሲሆን ትእዛዙ የሹሙ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሻጯም ምክር ይሆናል። ሰው የራሱን ምክር እንደ ሌላ ሰው ትእዛዝ አይደብቀውም።

የዓሣውን ሕግ ራሱን ብንመለከት ነገሩ ያው ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ነገር ግን ለመረቡ ዓይን መጥበብና መስፋት ወሳኙ ሌሊት በጀልባ ላይ ያለው ሰው ነው፤ በዚያ ጨለማ ከእርሱ ጋር ያለው ሕሊናው ብቻ ነው። ጫጩቱ ዓሣ ሳያድግ ቢያዝ የልጆቹ እንጀራ እንደሚያልቅ ያልተነገረውና ያልተቀበለው ሰው ሕጉን ሊጠብቅ አይችልም።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን አሳልፈናል፤ ስሟን በማንጠራት ከተማ የሰማነውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ብንጨምር አይከፋም። አንዲት ጉልት ሻጭ ሴት መደቧ ስለ ፈረሰባት አቤት ብላ ቀረበች። የተከሳሹ ወገን ነገረ ፈጅ ተነሥቶ፣ ማስታወቂያ ከግድግዳ ላይ 15 ቀን ተለጥፎ እንደ ነበረ አስረዳ። ዳኛውም ወደ ሴቲቱ ተመልክተው፣ «እሜቴ፣ ማስታወቂያው ተለጥፎ አልነበረምን?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ከነሣች በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ግድግዳው ሰምቶ ይሆናል፤ እኔ ግን አልሰማሁም» ብላ መለሰች። በችሎቱ የነበረው ሰው ሳቀ። እኛ ግን ብዕራችን በእጃችን ቆመ፤ ሴቲቱ ማንበብ አትችልም ነበርና፤ በመደቧም አራት ልጆች ታሳድግ ነበርና። በማስታወቂያው ላይ የተሳሳተ ቃል አልነበረም፤ ማኅተሙና ቁጥሩም የተሟላ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከመደቡ ድረስ ሄዶ፣ «እናቴ፣ ይህን ሰምተሻል?» ብሎ የሚጠይቅ።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ነበር። ይህም በገበያ ቀን የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ባላገርም፣ ጨው ልትገዛ የመጣችው ባልቴትም፣ መንገደኛውም ከአንድ ስፍራ ይገኛሉና። ቃሉ ሕዝቡ ወዳለበት ይሄድ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በነጋሪቱ በኩል መልስ መላክ አይችልም ነበር። ከንቲባ የሚለው ሹመትም የጥንቱ የጎንደር ከተማ ሹም መጠሪያ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ከነዋሪዎች የተመረጡ ሰዎች ከመንግሥት ሹማምንት ጋር በምክር ቤት እንዲቀመጡ አዘዘ፤ ወንበሩ ግን ርስት ላለው ሰው ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ባለርስቱም ተከራዩም በስብሰባ ተጠራ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ሊናገር ሳይሆን ሊሰማ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቃሉ በራዲዮና በእጅ ስልክ በቅጽበት ይደርሳል። መንገዱ ፈጠነ፤ አቅጣጫው ግን ብዙ ጊዜ ያው ከላይ ወደ ታች ነው።

በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ ቃሉን ይነግሩን ነበር። ነግረው ግን አይነሡም። ተማሪው የተቀበለውን መልሶ እስኪያሰማቸው ድረስ ይጠብቃሉ፤ የሳተ እንደ ሆነ ያርሙታል፤ ተማሪው የጠየቃቸው እንደ ሆነም ይመልሱለታል። ትምህርቱ ደረሰ የሚባለው መምህሩ የተናገሩ ጊዜ ሳይሆን ተማሪው መልሶ የተናገረ ጊዜ ነው። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ ይጻፍ ነበር፤ ይህም አልተነገረኝም ለሚል ሰው ምስክር ነው። ከሁለቱም ተምረናል። ጽሑፍ ለምስክርነት ያስፈልጋል፤ ለመግባባት ግን የየኔታ መንገድ ይበልጣል።

ለሐዋሳ ከንቲባ ግን ከሩቅ መምህር መፈለግ አያስፈልገውም፤ ከተማው የተቆረቆረበት አገር ሕዝብ ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የበዓሉን ቀን አያንቶ የሚባሉ ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ይወስናሉ፤ ከዚያም ቀኑ በገበያ ለሕዝብ ይነገራል፤ ይህም ላላዋ ይባላል። በበዓሉ ጊዜ ሕዝቡ በሐዋሳ በጉዱማሌ አደባባይ በሐይቁ አጠገብ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎችም ወጣቱ ሥራን እንዲወድ፣ አረጋውያንን እንዲያከብርና እንዲረዳ፣ የአገሩን ዛፍ እንዳይቈርጥ፣ ከልመናና ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት እንዲርቅ ይመክራሉ። ከዚህ የበለጠ ስለ ሠፈር ኑሮ ምን የሚነገር አለ?

ከዚህም በላይ በሶንጎ፣ ማለት በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ነገር ሲቀርብ «አፊኒ?» የሚባል ቃል አለ። ትርጓሜው «ሰምታችኋልን?» ማለት ነው። ነገሩን ያመጣው ሰው ፍርድ ከመጠየቁ አስቀድሞ መሰማቱን ይጠይቃል፤ የተቀመጡትም ነገሩን ሰምተው ይመካከሩበታል። እኛ ይህን ቃል ባሰብን ጊዜ ያች ጉልት ሻጭ ትዝ ትለናለች። ግድግዳው አፊኒ ብሎ አይጠይቅም። ሴቶችም ያካ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ አንዲት ሴት የተበደለች እንደ ሆነ ቃሪቾ በምትባለው መሪያቸው አማካይነት፣ ሲቆ የሚባለውን በትር ይዘው በአንድነት ወጥተው በደሏን ያሰማሉ። እናቶች ቃላቸውን ለሸንጎ የሚያደርሱበት መንገድ አስቀድሞ ተሠርቶላቸው ነበር ማለት ነው። ዘመናዊው ማዘጋጃ ቤት ይህን መንገድ ቢያፈርስ ይጎዳል፤ ቢጠቀምበት ግን የሥራው ግማሽ ይቀልለታል።

ዛሬ ሐዋሳ የቀድሞዋ ትንሽ ከተማ አይደለችም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ትልቁ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ከሐይቁ አቅራቢያ ስለ ሆነም የፋብሪካዎቹን ቆሻሻ ውሃ አጥርቶ መልሶ የሚጠቀም መሣሪያ ተሠራለት። በፋብሪካዎቹ ለመሥራት ከገጠር የመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ኖረዋል። እነዚህ ልጆች ቀን በሥራ፣ ማታ በድካም ናቸው፤ ዕድር አልገቡም፤ በሠፈር ስብሰባ ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ብዙ ጊዜም የከንቲባው ማስታወቂያ ለቤቱ ባለቤት ይደርስና ከበሩ ላይ ይቀራል። ከላይ የ1937ቱን አዋጅ ስንነቅፍ ተከራይ ተረሳ ብለናል፤ እንግዲህ እኛም ዛሬ ያንኑ ስሕተት እንዳንሠራ መጠንቀቅ ይገባናል። የከተማ ነዋሪ ማለት በዚያች ከተማ ውሃ የሚቀዳ፣ በመንገዷም የሚሄድ ሰው ሁሉ ነው።

ንግግር በተቋረጠ ጊዜ የሚመጣውን አደጋ ሐዋሳ አይታዋለች። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በበዓሉ ሰሞን በከተማው ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤተ ሰቦችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዐቢይ አሕመድ ወደ ሐዋሳ መጥተው ከነዋሪዎች ጋር ተነጋገሩ። የነገሩን ሥር መመርመር የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። ስለ ቤተ ሰብ ግን ይህን እንላለን፤ ሹም ዝም ባለበት ቀን ወሬ ሹም ይሆናል። እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ትስደደው ወይስ ከቤት ታስቀረው ብላ በምትጨነቅበት ጠዋት፣ ከምታምነው ሰው አፍ የወጣ አንድ እርግጠኛ ቃል ከብዙ ዘበኛ ይልቅ ቤቷን ይጠብቅላታል። ያ ቃል የሚታመነው ደግሞ በደኅናው ቀን የተናገረና የሰማ ሹም ቃል እንደ ሆነ ነው። በሰላም ቀን ከሕዝቡ ጋር ያልተነጋገረ ሰው በጭንቅ ቀን ቢጮህ የሚያምነው የለም።

ሕጉም ከዚህ ምክር ጋር አይጣላም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ እንዲከናወን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም በሕግ ከተጠበቀው በቀር ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለውን መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጠው ይደነግጋል። በውጭ አገርም ቢሆን በብራዚል የምትገኘው ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ማለት ነው፣ ከከተማው በጀት ከፊሉ ለምን ሥራ እንዲውል የየሠፈሩ ነዋሪዎች ተሰብስበው እንዲመክሩበት አድርጋለች፤ ብዙ ከተሞችም ይህን አይተው ተከትለዋታል። ሰውን መስማት ለሹመት ውርደት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

እንግዲህ ከሹማምንት ወገን ለሆኑት አንባቢዎቻችን፣ ከመዝገብ ቤት ወንበራችን የተማርነውን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሰዓትና ስፍራ መምረጥ ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ በሚወርድበት ጠዋት ስብሰባ ቢጠራ የሚመጣው ሥራ ፈት ብቻ ነው። የሠራተኛን አሳብ የሚፈልግ ሹም ሠራተኛው ባረፈበት ሰዓት ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ በሕዝቡ ቋንቋ መናገር ነው። ለሲዳማው በሲዳምኛ፣ ለሌላውም በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአጭር ቃል ቢነገር ይሻላል። ሰሚው ያልተረዳው የተራቀቀ ንግግር ለተናጋሪው ጌጥ ነው እንጂ ለሰሚው ስንቅ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ እንደ የኔታ መልሶ ማስደገም ነው። ከስብሰባ በኋላ ከሰሚዎች አንዱን፣ «ምን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ወረቀት ይረባል።

አራተኛ፣ የተጠየቀውን መዝግቦ ቀጠሮ መስጠት ነው። ዳኛ ነገር ሰምቶ ያለ ቀጠሮ አያሰናብትም፤ ከንቲባም ያለ ቀጠሮ ባያሰናብት መልካም ነው። ማድረግ የማይቻል ነገር ቢሆን «አይቻልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት መልስ ነው፤ ዝምታ ግን መልስ አይደለም። እኛ እንዳየነው ሰው በእምቢታ ይከፋል፤ በዝምታ ግን ይመረራል።

አምስተኛ፣ ከባለሟል አፍ ብቻ አለመስማት ነው። ባለሟል ጌታውን የሚያስደስተውን መርጦ ያመጣል። ጆሮ ባዳ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ለቤተ ሰብ አለቆችና ለእመቤቶች ደግሞ የምንለው አለ። ሹሙን መውቀስ ቀላል ነው፤ የቤትን ድርሻ መወጣት ግን ይከብዳል። ስብሰባ በተጠራ ጊዜ ቀርቶ፣ ማታ በቡና ላይ መማረር የወንድም የሴትም ወግ አይደለም። ማንበብ የሚችል ሰው ማስታወቂያውን ለማይችለው ጎረቤቱ ያንብብለት፤ ይህ ቸርነት ገንዘብ አይጠይቅም። እናቶች የቡናውን ሰዓት፣ አባቶች የዕድሩን ጉባኤ ለሠፈራቸው ጉዳይ ጥቂት ቢያካፍሉት ከንቲባው ከብዙ ሰው የተበታተነ ጩኸት ይልቅ አንድ የተስማማ ቃል ይሰማል። የሰማነውን ስንናገርም የሰማነውን ያህል ብቻ እንናገር፤ ወሬ ላይ ወሬ አንጨምር። ደግሞም ሐይቁን ከከንቲባ ጋር የምንጠብቀው እኛው ነን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ ለአንድ ማዘጋጃ ቤት የከበደው ጥራጊ ለየቤቱ ቢከፋፈል ለልጆችም አይከብድም።

ከአሞራ ገደል በተመለስን ቀን ያየነውን ነግረን እንፈጽማለን። አንድ የ12 ዓመት ያህል ልጅ፣ እጁ ገና ቅርፊት እንደ ለበሰ፣ የማን እንደ ሆነ ያልጠየቅነውን የታተመ ማስታወቂያ ለእናቱ ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። እናቱ ዓሣውን መላጧን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው። በፈጸመም ጊዜ፣ «ይህስ እነርሱ ያሉት ነው፤ እኛ ያልነው የቱ ላይ ተጽፏል?» አለችው። ልጁም ወረቀቱን ገልብጦ ተመለከተ፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

ያ ባዶ ጀርባ የከንቲባና የነዋሪ የሁለቱም ዕዳ ነው። ከንቲባው ብዕሩን ለነዋሪው ያቀብል፤ ነዋሪውም ተቀብሎ እውነተኛውን ይጻፍ። በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ቤታችሁን ሰላም፣ ጆሯችሁንም ክፍት ያድርግላችሁ።